ሊል ዌይን ጊታር ያነሳ ጊዜ

የሊል ዌይን የሮክ አልበም «ሪበርዝ» በተነሳ ቁጥር «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። አልበሙ ደካማ ነው፤ በዚህ አንጣላም። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። የኒው ኦርሊንሱ ራፐር በ2008 «ዘ ካርተር 3» የተባለውን የራፕ አልበም አወጣ። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ሳምንት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሸጠለት። ከዚያ በኋላ ማን ተው ይለዋል? በዚያው ዓመት መጨረሻ በካንትሪ ሙዚቃ ሽልማት መድረክ ላይ፣ ከሮክ ዘፋኙ ኪድ ሮክ ጎን ጊታር አንግቶ ብቅ አለ። ራፕ የለም። ጊታሩን ነካ ነካ ማድረግ ብቻ። እኔ ያን ቪዲዮ ሳይ ለሠርግ ኮት የተዋሰ ሰው ትዝ ይለኛል።

ቀጥሎ «ሪበርዝ» መጣ፤ ዳግም ልደት ማለት ነው። መውጫ ቀኑ ደጋግሞ ተገፍቶ በ2010 መጀመሪያ ወጣ። የመጀመሪያ ሳምንት ሽያጩ ወደ 176 ሺህ ወረደ። ተቺዎችም አልማሩትም።

እና ሮክ የሰው ወርቅ ነው? የድሮዎቹን የሮክ ዘፋኞች ቸክ ቤሪንና ሊትል ሪቻርድን ረስተን ካልሆነ! የሮክን መሠረት የጣሉት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ጊታሩ ለዌይን የቤቱ ዕቃ ነው።

ጥፋቱ የራሱን ወርቅ ጥሎ መውጣቱ ነው። ዌይን ማለት ቃል ነው። አንዷን ቃል ሁለት ሦስት ትርጉም ያሸክማታል። ሰምና ወርቅ ሲሰማ ያደገ ሰው፣ እንግሊዝኛው ባይሞላለት እንኳ፣ ይህ ጨዋታ አይጠፋውም። አሁን ከ«ሪበርዝ» «ፕሮም ኩዊን» የሚለውን ዘፈን ስሙት። ትምህርት ቤት እያለ ዞር ብላ ስላላየችው ቆንጆ ልጅ ነው። ጊታሩ ይጮኻል፣ ድምፁ በአውቶቲዩን (የዘፋኝን ድምፅ በሚያቃና ሶፍትዌር) ተጠቅልሏል፣ ሰውዬው ያችኑ ስሞታ ይደጋግማል። ሰሙ አለ፤ ወርቁን ብትፈልጉ አታገኙትም።

ራፐር ጊታር አይንካ እያልኩ አይደለም። ራፐሩ ሊል ያችቲ በ2023 ጊታር የሞላው «ሌትስ ስታርት ሂር» የተባለ አልበም ሠርቶ ብዙ ተመስግኖበታል።

«ሪበርዝ» ላይ ዛሬም ደግሜ የምሰማው አንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ ከኤሚነም ጋር የሠራው «ድሮፕ ዘ ወርልድ»። እዚያ ላይ ሁለቱም ራፕ ነው የሚያደርጉት።