የሞርጋን ሻንሲ ከእንጨት አይደለም

ወንድሜ፣ ስለ እንግሊዞቹ ሞርጋን መኪኖች የጻፍከውን ወድጄዋለሁ። «ሻንሲያቸው ሳይቀር ከእንጨት ነው» ያልከው ግን መታረም አለበት። ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ስህተት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣው የመጀመሪያው ባለአራት ጎማ ሞርጋን የብረት ሻንሲ ነበረው። ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና የኋላውን ባሌስትራ የሚሸከመው ይህ ብረት ነው። እንጨቱ የሚመጣው ከዚያ በላይ ነው። ማልቨርን ባለው ፋብሪካ አናጢዎች አሽ ከሚባል ዛፍ የቦዲውን አፅም ይሠራሉ። ላሜራው የሚለበጠው በእሱ ላይ ነው። አሽ ጠንካራ ነው፤ ግን ደግሞ ሳይሰበር ይተጣጠፋል። እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ እስከ ዛሬ መቆየቱ በጣም ደስ ይለኛል፤ ለዚህም ነው በትክክል እንዲነገርለት የምፈልገው።

በ2000 ኤሮ 8 የተባለው ሞርጋን የአሉሚኒየም ሻንሲ ይዞ መጣ። የባለአራት ጎማዎቹ የብረት ሻንሲ ምርት በ2020 አበቃ። የአሹ አፅም ግን በአዲሶቹ ባለአራት ጎማዎችም ላይ አለ።

የእንጨት ሻንሲ ያለው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ከፈለግክ ማርኮስ የተባለውን እይ። በ1959 ሲጀምር ሻንሲውን የሠራው ስስ እንጨት ደራርቦ በማጣበቅ ነበር።