«ኢሚዩኒቲ ቡስተር» ካንሰርን አያስፈራውም

ቸርችል ጎዳናን ይዛችሁ ወደ ጥቁር አንበሳ ስትሄዱ ዙሪያችሁን ቃኘት አድርጉ። ፋርማሲ፣ ላብራቶሪ፣ ታማሚ ይዘው ከክፍለ ሀገር የመጡ ቤተሰቦች። ሆስፒታሉ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ስለነበር ካንሰር ከየአቅጣጫው ሰው ሲያመጣበት ኖሯል። ከዚሁ ጎን ሌላ ገበያም ደርቷል፤ የዱቄት ገበያ። ሰሞኑን አንዱን ብልቃጥ አንስቼ አነበብኩት። ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዝንጅብል። ከሥሩ ደመቅ ተደርጎ «ኢሚዩኒቲን ይገነባል፣ ካንሰርን ያጠፋል» ይላል። «ኢሚዩኒቲ ቡስተር»፣ ማለትም የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ማበርቻ መሆኑ ነው።

ከሽፈራው ጋር ጠብ የለኝም። ኮንሶ ላይ እንደ ጎመን ይበላል፣ ይጣፍጣል። ጠቤ ካንሰር የሚይዘው ሰውነቱ የደከመውን ነው ከሚለው ሐሳብ ጋር ነው። ይሄ ሐሳብ ዞሮ ዞሮ ታማሚውን ጥፋተኛ ያደርጋል። «እሷ እኮ በደንብ አትበላም ነበር» ሲባል ያልሰማ አለ?

ሴሎቻችን ውስጣቸው ከሚሠሩት ፕሮቲን ቁርጥራጩን ወደ ላይ አውጥተው ያሳያሉ። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች እየዞሩ ይፈትሻሉ። እንግዳ ነገር ያየ ቲ ሴል ያንን ሴል ይገድለዋል። ወደ ካንሰር የሚሄድ ሴል ጂኑ ስለተበላሸ እንግዳ ቁርጥራጭ ሊያወጣ ይችላል፤ አንዳንዱም በቲ ሴል ተገድሎ እዚያው ይቀራል። ከዚህ የሚያመልጠው ግን ዘዴ አለው። አንዱ ጭራሽ ማሳየቱን ያቆማል። ሌላው ቲ ሴሎችን የሚያበርዱ ሴሎችን ዙሪያውን ይሰበስባል።

እኔን የሚገርመኝ ሦስተኛው ነው። ቲ ሴል ላዩ ላይ ፒዲ-ዋን የሚባል ፍሬን አለው። ያለ ምክንያት አልተሰጠውም፤ ፍሬን ባይኖረው የራሳችንን አካል ማጥቃት ይጀምራል። ካንሰሩ ፒዲ-ኤል ዋን የሚባል ፕሮቲን ያወጣና ያንኑ ፍሬን ይይዝበታል። ገዳዩ ሴል አጠገቡ ይደርሳል፣ ይነካዋል፣ ከዚያ ፍዝዝ ብሎ ይቆማል። ጉልበት አንሶት አይደለም። ፍሬኑ በተያዘ መኪና ላይ ነዳጅ ብትጨምሩ የት ይሄዳል?

ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ በዚህ ፍሬን፣ አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ደግሞ በሌላ ተመሳሳይ ፍሬን ላይ በሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ፍሬኑን የሚያስለቅቁ መድኃኒቶች የተገኙት ከዚህ ነው። የመጀመሪያው አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 ተፈቀደ። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በ2015 አንጎላቸው ድረስ የደረሰ የቆዳ ካንሰር ተገኘባቸው። ከቀዶ ሕክምናና ከጨረር ጋር አንደኛውን መድኃኒት ወስደው እስከ 100 ዓመታቸው ኖሩ። ተአምር ግን አይደለም፤ ለብዙ ሰው አይሠራም። ፍሬኑ የተለቀቀለት ቲ ሴልም አንዳንዴ የራስን አንጀትና ሳንባ ያጠቃል። ዋጋውማ አይነሳ፤ አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ሰው በዓመት ከ150 ሺህ ዶላር በላይ ነው።

«ታዲያ ኤችአይቪስ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሴቶች በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው 6 እጥፍ ነው። አቅም ሲደክም ካንሰር ይበረታል። ያንን አቅም የሚመልሰው ግን የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ነው፤ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ዱቄት አይመልሰውም።

የማህፀን በር ካንሰርን ካነሳን አይቀር፣ የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ ራሱ ድብብቆሽ ያውቅበታል። ወደ ደም አይገባም፤ ላይኛው ሽፋን ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ስለሚቀመጥ ሰውነት ቶሎ አይነቃበትም። ክትባቱ ሰውነት ቫይረሱን ሳይመጣ በፊት እንዲያውቀው ያደርጋል። ኢሚዩኒቲ ቡስተር የሚለው ስም ለማንም የሚገባ ከሆነ ለእሱ ነው። እኛም አገር በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በነፃ መሰጠት ጀመረ። ይሄኔ ግን «መሃን ያደርጋል» የሚል መሠረት የሌለው ወሬ ሰምቶ ክትባቱ በሚሰጥበት ቀን ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያስቀር አባት አለ። ማታ ደግሞ ሻይዋ ውስጥ ከዚያ ዱቄት አንድ ማንኪያ ያደርግላታል።