የደብሩ ጥድ እና የለንደኑ ጫካ

ለንደን ውስጥ ሃይጌት አጠገብ፣ ከምኖርበት ቤት በእግር አሥር ደቂቃ ቢኬድ ኩዊንስ ውድ የሚባል ጫካ አለ። ስፋቱ 21 ሄክታር ገደማ ነው። እንግሊዞች «ጥንታዊ ደን» ይሉታል፤ ስሙን የሚሰጡት ቢያንስ ከ1600 (በእነሱ አቆጣጠር) ጀምሮ ደን ሆኖ ለኖረ መሬት ነው። ጎንደር ከመቆርቆሯ 36 ዓመት በፊት ማለት ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ግን ደንግጬ ነበር። አንድ ቅዳሜ ብገባ ጥግ ላይ ያለው ዛፍ ከሥሩ ተቆርጧል። ጠብቁ የተባሉት ራሳቸው ጨረሱት ስል፣ ውሻዋን ይዛ የምትሄድ አንዲት ባልቴት አስረዳችኝ። ሆርንቢም የሚሉት ዛፍ ቢቆረጥ አይሞትም፤ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጥላው ሲገፈፍ ፀሐይ መሬት ይደርስና ተኝቶ የከረመው አበባ ይነሣል። ድሮ ለማገዶ ነበር የሚቆርጡት፣ ዛሬ ለአበባው። ቡቃያው እስኪጠና ቦታውን በአጥር ይከልሉታል።

ደቡብ ጎንደር ያደገችው እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር የወደቀ ጭራሮ እንኳ አታነሣም ነበር። «የታቦቱ ነው» ትላለች። ዙሪያው ሁሉ ማሳ ሲሆን ጥዱን፣ ወይራውንና ዝግባውን ያቆየው ይኸው ፍርሃት ነው። ከብት ግን ታቦት አያውቅም፤ ገብቶ ችግኙን ይግጣል። አራሹም በየዓመቱ አንድ ትልም ወደ ውስጥ ይገፋል። የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው በዚያው አገር ያስፋፉት የድንጋይ ካብ ለዚህ ነው ደስ የሚለኝ። ድንጋዩ ከማሳው ይለቀማል፤ ደኑ ቅጥር ያገኛል፣ ገበሬውም የጸዳ መሬት።

እኛ ውጭ ያለነውስ? የትውልድ ደብሬ አዲስ ሕንፃ ሊሠራ ነው ተብሎ በቴሌግራም መዋጮ ተጠየቅን፤ እኔም ሰጠሁ፣ ስሜ ሲነበብም ደስ አለኝ። አምና ስሄድ ሕንፃው አምሮ ቆሟል። በምሥራቅ በኩል የነበሩት ጥዶች ግን የሉም፤ ጉቷቸው ላይ የሲሚንቶ ከረጢት ተደርድሯል። ጥድ ደግሞ እንደ ባሕር ዛፍ አያቆጠቁጥም። አለቃውን መስቀል ተሳልሜ ስጠይቃቸው አልተቆጡም።

«ልጄ፣ እናንተ የላካችሁት ለቆርቆሮና ለሴራሚክ ነው» አሉኝ። «ለዛፉ ማን ላከ?»