አብራሪው ነው የጠፋው ወይስ ደመወዙ?

በአሜሪካ ስላለው የአብራሪ እጥረት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጽሑፉ የአሜሪካ አየር መንገዶች «አብራሪ ጠፋ» ያሉትን እንዳለ ተቀብሎታል። እኔን አልዋጥልህ ብሎኛል። እዚህ ጎጃም የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ወጣቱ ወደ መተማ ይወርዳል። የቀኑ ዋጋ ካነሰ ግን ይቀራል። ያኔ ባለእርሻው «ሰው ጠፋ» ይላል። ሰው መች ጠፋ፣ ቤቱ ቁጭ ብሏል!

በ2010ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማወራው) በአሜሪካ ትንንሽ አየር መንገዶች ብዙ ጀማሪ ረዳት አብራሪዎች የሚያገኙት በዓመት ከ20 እስከ 25 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። ለሥልጠና 100 ሺህ ዶላር ገደማ ተበድሮ ለዚያ ማን ይቀጠራል?

ኩባንያዎቹ የሚያሳብቡት በ2013 ሥራ ላይ በዋለው የ1500 ሰዓት ሕግ ነው፤ በጥቅሉ አብራሪ አየር መንገድ ከመቀጠሩ በፊት 1500 ሰዓት መብረር አለበት የሚል ነው። መንገዱን ማርዘሙ እውነት ነው። የሕጉ መነሻ በ2009 በኒውዮርክ ግዛት ቡፋሎ ከተማ አጠገብ የተከሰከሰው፣ ኮልጋን አየር የተባለው ትንሽ አየር መንገድ አውሮፕላን ነው። 50 ሰው አልቋል። የሚገርመው ሁለቱም አብራሪዎች ከ1500 ሰዓት በላይ በረው ነበር፤ ስለዚህ ሕጉን የሚተቹት ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አይባልም። ረዳት አብራሪዋ ግን ወላጆቿ ጋ በአሜሪካ ምዕራብ ጫፍ ሲያትል እየኖረች ሥራዋ በምሥራቅ ጫፍ ኒውርክ ነበር። አገር አቋርጣ፣ ሌሊቱን በጭነት አውሮፕላን ተጉዛ ነው ለዚያ በረራ የደረሰችው። በዚያ ደመወዝ ኒውርክ አጠገብ ቤት መከራየት ቀልድ ነው።

በ2022 ደግሞ ፒድሞንትና ኤንቮይ የተባሉት ትንንሽ አየር መንገዶች ለጀማሪ ረዳት አብራሪ በሰዓት 90 ዶላር እንከፍላለን አሉ። ሕጉ አልተነካም፣ ገንዘቡ ግን ተገኘ። ጸሐፊው ይህን ለምን ዘለሉት?