ጀነሬተሩ የት አደረ? ስለ መሣሪያ መከታተያ የተደረገ ክርክር

ዋና ቢሮው ጎንደር የሆነ፣ ከአዘዞ እስከ ደባርቅና ሊማሊሞ ድረስ ሳይት የከፈተ አንድ የግንባታ ድርጅት አለ። ዘንድሮ ለንብረት ጥበቃ ገንዘብ መድቧል። ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል በሚለው ግን ሁለት ሰዎች አልተስማሙም። የማሽነሪ ክፍል ኃላፊዋ "ጂፒኤስ (ዕቃ የት እንዳለ የሚያሳይ መከታተያ) እንግዛ" ትላለች። ከ30 ዓመት በላይ በግምጃ ቤት ያገለገሉት የንብረት ክፍል ኃላፊ "ቁጥርና መዝገብ ይቅደም" ይላሉ። ሐሳባቸውን በየተራ እንዲህ ጽፈዋል።

የማሽነሪ ክፍል ኃላፊዋ፦

ከአንድ ማለዳ ልጀምር። አዘዞ ሳይት ነን። ሶሌታ የሚሞላበት ቀን ነው። ሲሚንቶው ተራግፏል። የቀን ሠራተኛው ባሬላውን ይዞ ቆሟል። ጀነሬተሩ ግን የለም። በቆመበት ቦታ ጥቁር የዘይት ጠብታና የአራት እግር ምልክት ብቻ ቀርቷል። ዘበኛው "ማታ እዚሁ ነበር" ይላል። ፎርማኑ "ተዳ ሄዶ ይሆናል" ይላል። እስከ አምስት ሰዓት ስልክ ስንደውል ቆየን። ጀነሬተሩ የተገኘው በሦስተኛው ቀን፣ ማራኪ ሰፈር ከሚሠራ የግለሰብ ቤት ግቢ ውስጥ ነው። አንድ ሰው "ለአንድ ሌሊት ብቻ" ብሎ አስወጥቶት ነበር።

ጀነሬተሩ ተመለሰ። ቆሞ የዋለው ሠራተኛ የቀን ሂሳብ ግን አልተመለሰም። ያን ቀን ያልተሞላው ሶሌታ ሳምንቱን ሙሉ ሥራችንን አዛባው።

ጂፒኤስ ቢገጠምለት ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ዕቃው ውስጥ የሚቀመጠው ትንሽ ሳጥን፣ ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ሲግናል ይቀበላል። ቢያንስ የአራቱን ሲያገኝ ያለበትን ቦታ ያሰላል። ከዚያ በውስጡ ባለው ሲም ካርድ ይልክልናል። ካርታው ላይ በሳይቱ ዙሪያ መስመር እናሰምራለን። ጀነሬተሩ ከመስመሩ ሲወጣ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓትም ይሁን፣ ስልካችን ላይ መልእክት ይገባል። ሌባውን የግድ መያዝ አይጠበቅብንም። ጠዋት ሠራተኛው ከመሰለፉ በፊት ዕቃው የት እንዳደረ ብናውቅ ይበቃናል።

አካፋና ዶማ ላይ ይገጠም ያለ የለም። የምጠይቀው ለጀነሬተር፣ ለሚክሰር፣ ለኮምፓክተር (ለአፈር መጠቅጠቂያ) እና ለብየዳ ማሽን ነው።

የንብረት ክፍል ኃላፊው፦

ያን ማለዳ እኔም ነበርኩ፤ ስልክ ሲደውሉ ከዋሉት አንዱ ነኝ። ግን እህቴ፣ አንድ ነገር ሳትነኪው አለፍሽ። ጀነሬተሩ በር ላይ ሲወጣ ማን ፈረመ? ማንም አልፈረመም። የመውጫ ወረቀት አልተቆረጠም። መንግሥት መሥሪያ ቤት ሳለሁ ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 የሚባለው ደረሰኝ ሳይቆረጥ አንዲት ብሎን አትንቀሳቀስም ነበር። እዚህ ፎርማኑ ደውሎ "ስጠው" ካለ ይሰጣል። በሩ እንዲህ ክፍት ሆኖ ሳተላይት ብንገዛ ምን ይጠቅመናል?

ሁለተኛው ነገር፣ የሚጠፋብንን ዕቃ በደንብ እንወቀው። ጀነሬተር በጋቢ ተሸፍኖ አይወጣም። ግራይንደር ግን ይወጣል። ድሪል ይወጣል። ኮንክሪት የሚነቀንቀው የቫይብሬተር ኒድል በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ እላዩ ላይ የምሳ ሳህን ተደርጎበት ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ዓመቱን ሙሉ የሚያደማን እሱ ነው። የቆጠራ ወረቀቴን አገላብጪው፤ የጎደለው በየመስመሩ የእጅ መሣሪያ ነው። እዚያ ላይ የጂፒኤስ ሳጥን የት ይገባል? ቢገባስ ባትሪውን ማን ይሞላል?

ሦስተኛው ሲግናሉ ነው። ማታ ማታ ዕቃችንን የምንቆልፍበት ኮንቴይነር ብረት ነው፤ ብረት ሲግናል ይጋርዳል። ሊማሊሞ ገደል ሥር ከገባን ደግሞ ሰው ለሰው እንኳ ለመደወል ከፍ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ኢንተርኔቱንም አንርሳ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት አልተመለሰም። በእነዚያ ወራት የእኔ መዝገብ አንድ ቀን አላቋረጠም።

ዋጋውንም እናንሳ። ሳጥኑ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ በዶላር ይገዛል። ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላሩ በባንክ ከ57 ብር ብዙም አይርቅም ነበር። የምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን ተሻገረ። በዚያ ላይ የሲም ካርድ ሂሳብ አለ። የካርታው ክፍያ በየወሩ አለ። ሳጥኑን አንዴ ገዝተን የምንገላገለው ነገር አይደለም።

እኔ የምለው ይህን ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ይኑረው። ቁጥሩ በቀለም አይጻፍ፤ ቀለም ሲሚንቶ ሲነካው በወሩ ይላጣል። ትልልቁ ላይ በብየዳ ይጻፍ። ትንንሹ ላይ ኪውአር ኮድ (በስልክ ካሜራ የሚነበብ ባለ አራት ማዕዘን ምልክት) ያለበት የብረት ሰሌዳ በሪቬት ይመታ። ኪውአር ኮድን እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ ዴንሶ የተባለው ድርጅት ሲፈጥረው፣ የመኪና መለዋወጫ በየፋብሪካው ለመከታተል ነበር። ለእኛው ዓይነት ችግር የተሠራ ነገር ነው ማለት ይቻላል። ካሜራ ያለው ማንኛውም ስማርት ስልክ ያነበዋል። ኢንተርኔት ባይኖርም ስልኩ ይዞት ይቆይና በኋላ ይልከዋል። ጠዋት ዕቃ ሲወጣ ይነበባል፣ ማታ ሲመለስ ይነበባል። ያልተመለሰው ዕቃ በማን እጅ እንዳለ እዚያው ይታወቃል።

የማሽነሪ ክፍል ኃላፊዋ፦

ጋሼ፣ ስለ ግራይንደሩ ያሉት ልክ ነው። የእጅ መሣሪያው ላይ ሰሌዳ ይመታ፤ አልከራከርም። ስለ ትልልቁ ግን አንቱ ያነሱት ሁሉ መልስ አለው።

ኮንቴይነሩ ሲግናል ይጋርዳል፣ እውነት ነው። ግን መከታተያው ከመግባቱ በፊት የላከው የመጨረሻ ቦታ ካርታው ላይ ይቀራል። የመጨረሻ ቦታው የኮንቴይነሩ ደጃፍ ከሆነ ዕቃው ገብቷል። ሲወጣ እንደገና ይታያል። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ሲሄድ ደግሞ ደህና የተሠራው ዓይነት የሄደበትን መንገድ መዝግቦ ይይዛል። ኔትወርክ ሲያገኝ አንድ ላይ ይልካል። ኢንተርኔት በሌለበት ቦታውን በኤስኤምኤስ የሚልክ አለ፤ ቁጥሩ ላይ መልእክት ሲላክለት ያለበትን ቦታ ይመልሳል። ስለዚህ ሲገዛ ኤስኤምኤስ የሚሠራውን እንምረጥ። 2ጂ (የድሮውን ኔትወርክ) ብቻ የሚያውቀውን ርካሽ ሳጥን እንተወው። 4ጂ ሆኖ፣ እሱ ሲጠፋ ወደ 2ጂ የሚወርደው ይሻለናል። የክረምቱን ዝናብ ለመቻል አይፒ67 የተባለውን ደረጃ ያሟላ ይሁን። እሱ አቧራ አያስገባም፤ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቋቋማል። ሲም የሚገባበት ዕቃ ስለሆነም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያለውን እንጂ፣ ሰው በሻንጣ ያመጣውን አንግዛ።

ባትሪውን በተመለከተ፣ በየደቂቃው ቦታውን የሚልክ ሳጥን በቀናት ውስጥ ያልቃል። በቀን አንዴ ብቻ የሚልክና ሲነቃነቅ የሚነቃው ዓይነት ግን ዓመታት ይቆያል። ጀነሬተር ደግሞ የራሱ ባትሪ አለው፤ ከዚያ ይቀጠላል። የምንገጥምበት ቦታ ነው ዋናው። ከብረቱ ክዳን ሥር ከደበቅነው ሳተላይቱን አያይም። ከፕላስቲኩ ፓነል ጀርባ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርገን እናስቀምጠው።

ወጣት መሐንዲሶቻችን "ኤርታግ (የአፕል ትንሽ መከታተያ ታግ) እንለጥፍበት፣ ርካሽ ነው" ያሉትንም አይቻለሁ። ያ ሐሳብ ለእኛ አይሆንም። ኤርታግ ጂፒኤስ የለውም። ቦታውን የሚያሳውቀው በአጠገቡ ባለፈ የሰው አይፎን በኩል ነው። አዘዞ ሳይት ላይ ስንት አይፎን ያልፋል? እዚህ የሚበዛው ሳምሰንግና ቴክኖ ነው። ለአንድሮይድ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2024 የራሱን መረብ ከፍቷል፤ እሱም ብዙ ስልክ ያለበት ቦታ ካልሆነ በደንብ አይሠራም። ከሁሉም በላይ እነዚህ ታጎች የሰው ቦርሳ ውስጥ ተደብቀው ሰው እንዳይከታተሉ ተብሎ፣ ባለቤታቸው ካልሆነ ሰው ጋር ሲሄዱ ለዚያ ሰው ስልክ ያሳውቃሉ። ዕቃውን የወሰደው ሰው ታጉን አውልቆ ቃሃ ወንዝ ይጥለዋል።

አሁን ወደ መዝገቡ ልመለስ። ጋሼ፣ መዝገቡን የሚጽፈው ሰው ነው። ፎርማን ሲያስፈራራው የሚጽፍ፣ ሲለምነው የሚተው ሰው ነው። አንድ ወጣት ስቶር ኪፐር ነበረን። ኮምፓክተር ጎደለ ተባለ። ፊርማው እሱ ጋ ነበርና ከደሞዙ ስምንት ወር ተቆረጠበት። ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። ኮምፓክተሩ በኋላ ዳባት ካለው ሳይታችን፣ ከአሸዋ ክምር ጀርባ ተገኘ። በቃል ትእዛዝ ተጭኖ የሄደ ነበር። ልጁ ግን ከዚያ በፊት ሥራውን ለቆ ሄዷል። ያ ኮምፓክተር መከታተያ ቢኖረው ኖሮ በአንድ ቀን ነጻ ይወጣ ነበር። ይህን ገንዘብ የምጠይቀው ለእንደዚህ ዓይነቱ ልጅ ነው።

የንብረት ክፍል ኃላፊው፦

ያን ልጅ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስለ እሱ ስታነሺ ዝም ማለት አልችልም። የቃል ትእዛዙን ያልመዘገበው እሱ አይደለም፤ እንዳይመዘግብ ተደርጎ ነው። "ወረቀቱን ነገ እንቆርጣለን፣ መኪናው ቆሟል" ተብሎ ነው። ሞዴሉ ሳይቆረጥ ፒካፑን ያስጫነው ሰው እስከዛሬ አልተጠየቀም። ካርታ ቢኖርም አይጠየቅም ነበር።

ካርታውን ማን ያያል? ይህን ማንም አልመለሰልኝም። ዋናው ቢሮ ብቻ ካየው፣ ነገ ስቶር ኪፐሩ ሲጠየቅ "ሲስተሙ እንዲህ ይላል" ይባላል። እሱ ግን ሲስተሙን አይቶት አያውቅም። በመዝገብ ጊዜ ቢያንስ መዝገቡ በእጁ ነበር።

ሌላም አለ። ኮምፓክተሩ ላይ የተገጠመው ነገ ፒካፑ ላይ ይገጠማል። ሹፌሩ ፒካፑን ይዞ ቤቱ ያድራል፤ ድርጅቱ ፈቅዶለት ነው። እሑድ ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቢሄድ፣ ማታ ታሞ ያደረ ዘመድ ቢጠይቅ፣ ያ ሁሉ ካርታ ላይ ይሰፍራል። ያ የማን ጉዳይ ነው? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ ቀልድ አይደለም። ለዕቃ ጥበቃ ተብሎ የተሰበሰበ መረጃ የሰውን ኑሮ መፈተሻ መሆን የለበትም። ሠራተኛው ምን እንደተገጠመ፣ መቼ እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚያየው በጽሑፍ ይነገረው።

ስለ ሌሊቱ መልእክትም ልጠይቅ። 8 ሰዓት ላይ ስልክሽ ጮኸ እንበል። ከአልጋሽ ተነስተሽ ወዴት ትሄጃለሽ? ዘበኛው ጋ ትደውያለሽ። ዘበኛው ስልኩ ቻርጅ የለውም። እኔ ከሳጥኑ በፊት ለዘበኛው ደህና ባትሪ፣ ለበሩ መብራት፣ ለመውጫው አንድ ደብተር እገዛ ነበር። ይህ ሁሉ የአንድ ሳጥን ዋጋ እንኳ አይሞላም።

የማሽነሪ ክፍል ኃላፊዋ፦

የዘበኛው ስልክ፣ የበሩ መብራት፣ ደብተሩ ይገዛ። አልቃወምም፤ እንዲያውም ቀድሞ መደረግ ነበረበት። ፒካፑ ላይ ግን አልስማማም። ፒካፑ ነው ዕቃውን የሚያወጣው። መከታተያው ከሥራ ሰዓት ውጭ እንዳይመዘግብ ማድረግ ይቻላል፤ እሑድን ሙሉ መዝጋት ይቻላል። የሰው ኑሮ እንዳይነካ እንጂ፣ ዕቃው የተጫነበት መንገድ እንዳይታይ አይሁን።

"ካርታ ቢኖርም አይጠየቅም ነበር" ያሉትን ግን አልቀበልም። ያኔ ማን እንዳስጫነው ማረጋገጫ አልነበረንም። "ዳባት አልላክሁም" ብሎ ካደ፣ አለቀ። ኮምፓክተሩ በስንት ሰዓት ከአዘዞ ተነስቶ በስንት ሰዓት ዳባት እንደገባ የሚያሳይ መስመር ፊቱ ላይ ቢቀመጥ ይክድ ነበር?

የንብረት ክፍል ኃላፊው፦

ምናልባት አይክድም ነበር። ይህን ልመንልሽ።

ስለዚህ ሁሉንም በአንዴ አትግዙ። ሦስት ሳጥን ግዙ። አንዱ አዘዞ ባለው ጀነሬተር ላይ ይሁን። አንዱ በየማታው ኮንቴይነር በሚገባው የብየዳ ማሽን ላይ ይሁን። አንዱ ሊማሊሞ በሚወርደው ኮምፓክተር ላይ ይሁን። ክረምቱን ሙሉ እንያቸው፤ ዝናቡም ኔትወርኩም ይፈትናቸዋል። በዚያው ክረምት እኔ የእጅ መሣሪያዎቹን ሁሉ ቁጥር አስመትቼ እጨርሳለሁ። መስከረም ላይ ቆጠራውን ጎን ለጎን እናስቀምጥ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ካርታው የስቶር ኪፐሩም ስልክ ላይ ይግባ። ይህ ካልተጻፈ የግዢ መጠየቂያው ላይ አልፈርምም።

የማሽነሪ ክፍል ኃላፊዋ፦

ይጻፍ፤ ረቂቁን ዛሬ ማታ እልክልዎታለሁ። ሦስት ሳጥን ግን አይበቃም ጋሼ፤ አምስት ይሁን። አንዱን ሚክሰሩ ላይ፣ አንዱን ፒካፑ ላይ አደርገዋለሁ።

የንብረት ክፍል ኃላፊው፦

ሚክሰሩ ላይ አድርጊው። ስለ ፒካፑ ሹፌሩን መጀመሪያ ጠይቂው።