ይድረስ በወረቀት ላይ ለሚኖሩት ታይፎይድ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር አልሐምዱሊላህ፣ እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነን። (ወሎ ነውና በሁለቱም አመስግነናል።) ደህና መሆናችንን ግን ካርዳችን አልሰማም። እዚያ ታመናል፣ ተመርምረናል፣ መርፌ ተወግተናል፣ ድነን ወጥተናል። ሂሳቡም ከጤና መድኑ ተወራርዷል።

ይህን ደብዳቤ እውነተኛው ታይፎይድ በስህተት እንዳይከፍተው አደራ። እሱ በተበከለ ውኃና ምግብ መጥቶ ሰው የሚጥል፣ ካልታከሙትም የሚገድል ነው። ከእሱ ጋር ቀልድ የለንም። የምጽፈው ለእርስዎ ነው፤ ሳይነኩን ለተመዘገቡት።

መቼም እርስዎን የማያውቅ የለም። ራሱን ያመመው፣ ወገቡን የቆረጠመው፣ ምግብ አልበላ ያለው፣ ፈተና የደረሰበት ተማሪ ሳይቀር፣ ደም ሰጥቶ አግዳሚው ላይ ቁጭ ካለ ውጤቱ አስቀድሞ ይታወቃል። «ታይፎይድና ታይፈስ ነው።» ብቻዎን መጥተው አያውቁም፤ ታይፈስን አስከትለው ነው። ታይፈስ በቅማልና በቁንጫ የሚተላለፍ ሌላ በሽታ ነው። ከእርስዎ ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም። እኛ ሰፈር ግን ሳትጠራሩ ሠርግ አትሄዱም።

ስለ ምርመራዎም ላንሳ። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ በፈረንጆቹ 1896 የወጣ ነው። የአድዋ ዓመት መሆኑ ነው። አድዋ የዘመቱት ሁሉ አርፈዋል፤ ዊዳል ግን እስካሁን ጡረታ አልወጣም። ምርመራው ጀርሙን ራሱን አያይም። ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል ያዘጋጀውን ነው የሚፈልገው። ታዲያ እኛ የምንጠጣውን ውኃ ለሚጠጣ ሰው፣ ድሮ የነካው ነገር ዛሬም ፖዘቲቭ ሊያስብለው ይችላል። ሌላ በሽታም እንዲሁ። የሚያስተማምነው ጀርሙን ከደሙ ላይ ማሳደግ፣ ካልቸር የሚሉት ነው። እሱ ቀናት ይፈጃል፣ ደህና ላቦራቶሪም ይፈልጋል። በየጤና ጣቢያው የት ተገኝቶ!

ስለዚህ ሰው አላማም። ያለችውን አንዲት ምርመራ ይዞ፣ ደጅ ላይ ሰልፉ እየጠበቀው፣ «ታይፎይድ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ሲፕሮ የሚባለውን መድኃኒት የሚጽፍ ባለሙያ ሌባ አይደለም። ሊሳሳት ይችላል፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔን ያንገበገበኝ ደም ሳይቀዳ የላቦራቶሪ የሚያስከፍለው ነው። መርፌውን ሳይወጋ የሚያወራርደው። በሽተኛው ቤቱ ተኝቶ እያለ ክሊኒክ የሚያስተኛው።

አክስቴን ያውቋታል። ማለቴ፣ ካርዷ ላይ ሦስት ጊዜ ተገናኝታችኋል። እሷ ግን አላስታወሰችዎትም።

ከደሴ ወጣ ብላ ነው የምትኖረው። የጤና መድን መዋጮዋን በየዓመቱ ከጤፉ ሽያጭ ቀንሳ ትከፍላለች። የሚያማት ጉልበቷን ነው። በቅርቡ ሪፈር እናጽፍ ብዬ ይዣት ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ፎልደሩን ከመደርደሪያው መዘዘች፣ አቧራውን በጋውኗ ጠረግ አድርጋ አቀበለችን። ሐኪሙ አንድ ገጽ ገለጠ። ሌላም ገለጠ። ከዚያ አክስቴን በአዘኔታ አያት።

«እማማ፣ ታይፎይዱ አስቸግሮዎታል አይደል?»

«የማን?»

«የእርስዎ።»

«የኔ ጉልበቴ ነው፣ ልጄ።»

ፎልደሩን ወደኔ አዞረው። በሰማያዊ እስክርቢቶ፣ ማንም ሊያነበው በማይችል የሐኪም ጽሑፍ፣ ስምዎ ብቻ ጉልህ ሆኖ ተጽፏል። ሥሩ የዊዳል ውጤት አለ። ከእሱ ሥር ሴፍትሪያክሶን የሚባለው መርፌ፣ ከዚያ ፊርማ። ቀኑ ጥቅምት ላይ ነው፤ ሌላው ገጽ ላይ ሰኔ ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

«ጥቅምት?» አለች። «ጥቅምትማ ልጄን ላርስ አፋር ሎጊያ አልነበርኩ? በዚያ ሙቀት ገንፎ ሳገነፋ!»

ሐኪሙ ፎልደሩን ቀስ ብሎ ከደነው። «ይሄ እኔ ከመምጣቴ በፊት የተጻፈ ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ አዲስ ነው። እርስዎ ዘንድ ሁሌም የሚገኘው አዲሱ ነው፤ የጻፈው ተዛውሯል።

ማታ ቡና ተፈልቶ ጉዳዩ ቀረበ። ወሎ ውስጥ ከጀበና በላይ ኦዲተር የለም። አቦሉ ላይ ሁሉም ተናደደ። ቶናው ላይ ወንጀለኛ ይፈለግ ጀመር። በረካው ላይ ጎረቤቷ ጉሮሮዋን ጠረግ ጠረግ አደረገችና «ያቺ የሰኔዋ... የኔ ሳትሆን አትቀርም» አለች።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጎረቤቷ የዚያን ዓመት መዋጮ አልከፈለችም። ሰኔ ላይ አተኮሳት። አክስቴ የመድን ደብተሯን ወንፊት እንደምታውሰው አዋሰቻት። ደብተሩ ፎቶ አለው፤ ግን ሻሽ የጠመጠመችን ሴት ከሻሽ የጠመጠመች ሴት ማን ይለያል? «አንቺው አይደለሽ የሰጠሽኝ?» አለች ጎረቤቷ። አክስቴም «ታዲያ ስሜን ይዘሽ ሄደሽ በሽታውን እዚያው ጥለሽልኝ መጣሽ?» አለቻት። ተሳሳቁ። እኔ ብቻ ነበርኩ ያልሳቅሁት። ዘመድ ማለት እንዲህ ነው ብዬ እንዳላልፈው፣ ይሄም ማጭበርበር ነው። ያልከፈለ ሰው የከፈለውን ሰው ድርሻ መብላቱ ነው። ደግነት ስለተጨመረበት ሂሳቡ አይቀንስም።

እንግዲህ የሰኔዋ ባለቤት አገኘች። የጥቅምቷና ሦስተኛዋ ግን እስካሁን ወላጅ የላቸውም። አባታቸው እርስዎና እስክርቢቶው ናችሁ።

«ሕግ የለም» ብለው የሚዝናኑ ከሆነ ግን ተሳስተዋል። ሕግ እንደሆነ ሞልቷል። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 አለ። ማህበረሰብ አቀፉ መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ አንዷ የኛዋ ተሁለደሬ ነበረች። መድኑን ቀድመን ያየን ነን። እርስዎም ቀድመው ሳያዩን አልቀሩም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 ማታለልን ይቀጣል፤ ሀሰተኛ ሰነድን የሚቀጡ ሌሎች አንቀጾችም አሉት። ጠቋሚን የሚጠብቅ እንኳ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። ወረቀት ወረቀትን የሚያሸንፍ ቢሆን ኖሮ እርስዎ ይሄኔ ወህኒ ነበሩ። ግን ይሄ አገር ፊርማ ባረፈበት ወረቀት መታለልን ከውጫሌ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ውጫሌ ደግሞ ከዚህ ሩቅ አይደለም።

ሕጉ የት ላይ እንደሚያመልጥዎት ልንገርዎት? እርስዎማ ያውቁታል፣ ለሌላው አንባቢ ነው። አባሉ መዋጮ ይከፍላል። ጤና ጣቢያው ያክማል። ከዚያ የታከመውን ዘርዝሮ ለወረዳው መድን ሂሳብ ይልካል። መድኑ ወረቀቱን አይቶ ይከፍላል። በዚህ ሁሉ ዙር ውስጥ አንድ ያልተጠየቀ ሰው አለ፤ ታመመች የተባለችው ሴት። ኦዲተር ቢመጣ የሚያገላብጠው ያንኑ እርስዎ የተጻፉበትን ፎልደር ነው። ፎልደሩ ደግሞ ስለ ሎጊያ አያወራም።

ያ ገንዘብ ደግሞ ሰማይ ላይ የበቀለ አይደለም። የአክስቴ ጤፍ አለበት። መክፈል ለማይችሉ ድሆች መንግሥት የሚደጉመው አለበት። ካዝናው ሲሳሳ ለጤና ጣቢያው በጊዜ አይከፈለውም፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት አይገዛም፣ የእውነት የታመመው ሰው መስኮቱ ጋ ሲደርስ «አልቋል፣ ውጪ ግዙ» ይባላል። የከፈለበትን መድኃኒት ማዶ ካለው ፋርማሲ ድጋሚ ይገዛል። በሚቀጥለው ዓመት «መዋጮ» ብለው ቤቱ ሲመጡ በሩን ቢዘጋ ይፈረድበታል?

አሜሪካኖችም ያውቁዎታል፤ ለዘመዶችዎ ሰላምታ አቅርቡልኝ። እዚያ በፈረንጆቹ 1863፣ በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ፣ ለሠራዊቱ እቃ የሚያቀርቡ ነጋዴዎች መንግሥትን ሲያጭበረብሩ ፕሬዚዳንታቸው ሊንከን አንድ ሕግ ፈረመ። ዛሬ ያ ሕግ ዋና ሥራው ሐሰተኛ የሕክምና ሂሳብ ላይ ነው። የሚገርመው ጠቋሚው ነው፤ ከሚመለሰው ገንዘብ ከ15 እስከ 30 በመቶ ይደርሰዋል። በፈረንጆቹ 1996 ደግሞ የጤና መድንን ማጭበርበር ራሱን የቻለ ወንጀል አደረጉት፤ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል፣ በዚያ የተነሳ ሰው ከሞተ እስከ ዕድሜ ልክ ይደርሳል። ይህን ቡናው ላይ ባወራው ጎረቤቷ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «የሰኔዋን ብጠቁም ስንት ይደርሰኛል?» አለችኝ።

እነሱ ዘንድ የወደድኩት ግን እስሩን አይደለም። ለአረጋውያን ያላቸው የመንግሥት መድን በታካሚው ስም የተጠየቀውን ሂሳብ ዘርዝሮ ለራሱ ለታካሚው ይልክለታል። እዩት፣ ይሄን ታክማችኋል ወይ ነው ነገሩ። እኛስ ምን ገደደን? ባንኩ ከሂሳቤ ሳንቲም ሲቆርጥ ሌሊትም ቢሆን ስልኬን ያስጮኸዋል። መድኑስ «ዛሬ በእርስዎ ስም ለታይፎይድ ይህን ያህል ተከፍሏል» የምትል አንዲት መልእክት ቢልክ ምን ይጎድልበታል? አክስቴ ማንበብ አትችልም። ግን ስልኳ ጢን ባለ ቁጥር የጎረቤት ልጅ ጠርታ ታስነብባለች፣ «ካርድ ሙሉ» የሚለውንም ሳይቀር። ያን ጊዜ ሎጊያ ሆና መርፌ ስትወጋ፣ ገንፎውን ጥላ እንደምትደውል አልጠራጠርም። ለማን እንደምትደውልም የሚነግራት ቁጥር መልእክቱ ላይ ይኑር።

ጉልበቷስ ላሉኝ፣ ሪፈሩ ተጽፏል። ሐኪሙ ግን ለጉልበቷ ባዶ ቦታ ፍለጋ ብዙ ገጽ ገለጠ፤ አብዛኛውን እርስዎ ይዘውታል።

ባልንጀራዎን ታይፈስን ሰላም በሉልኝ። መልስ የሚጽፉልኝ ከሆነ ግን አደራ፣ በአክስቴ ስም አያድርጉት። ቴምብሩን ሳይቀር መድኑ ላይ ይጥሉታል።

አክባሪዎ፣
እስካሁን አንድም ጊዜ ያልያዙኝ (በካርዴ ካልሆነ)
ከደሴ