«ክረምት ነው፣ አትምጡ» ማንን ጠቀመ?

በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ዲሲ ደወለችልኝ። ሁለት ልጆቿን ይዛ ልትመጣ ነው። ልጆቹ ኢትዮጵያን በፎቶ እንጂ በዓይናቸው አያውቋትም። የሰሜን ተራሮችን፣ ከዚያ የጣና ደሴቶችን ልታሳያቸው አስባለች። መቼ? ሐምሌ መጨረሻ። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነዋ!

አንድ አስጎብኚ ድርጅት ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሁት ነበረች። «ክረምት እኮ ነው ጋሼ፤ ምንም አይታይም። ጥቅምት ቢያደርጉት አይሻልም?» አለችኝ። ጥቅምት ላይ ልጆቹ ክፍል ውስጥ እንደሆኑ ነገርኳት። «እንግዲያው ለከርሞ ይሁና» አለች። ከርሞም ቢሆን ትምህርት የሚዘጋው ሐምሌ ነው።

ነገሩ ዛሬም ያበሳጨኛል። ልጆቹን አገር ለማሳየት የሚጓጓ ዲያስፖራ ቤተሰብ ጊዜ የሚያገኘው በሐምሌና በነሐሴ ነው። አብዛኛው አውሮፓዊም እረፍት የሚወጣው ያኔ ነው። እኛ ልክ በዚያ ሰሞን በራችንን ገርበብ አድርገን «ክረምት ነው» እንላለን። ዝናቡን አልወቅሰውም፤ እሱ ሥራውን ነው የሚሠራው። የምወቅሰው እኛን ነው። አየሩን ከእንግዳ እንደብቃለን፤ መደበቅ ሲያቅተን ደግሞ እንግዳውን እንመልሳለን።

ልማዱ የቆየ ነው። የአገራችን ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ኃብተሥላሴ ታፈሰ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ዝነኛ መፈክር በአማርኛ «የ13 ወር ፀጋ» ነው። እንግሊዝኛው ግን «የ13 ወር ፀሐይ» ነው የሚለው። ልብ በሉ፣ ፀጋና ፀሐይ አንድ አይደሉም። ለእኛ ገበሬ ዝናብም ፀጋ ነው። ፈረንጁ የተነገረው ግን ፀሐይ ብቻ ነው። ሐምሌ 20 ቀን የሰሜን ተራሮች መግቢያ በሆነችው ደባርቅ ላይ ጃንጥላው ወደላይ የተገለበጠበት ሰው ያንን ፖስተር ሲያስታውስ ምን እንደሚል መገመት አያቅትም። መፈክሩ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ወደ «ምድረ ቀደምት» ተቀይሯል። ልማዱ ግን አልተቀየረም።

ወደ ጉዞው ልመለስ። ሌላ ድርጅት አገኘን። ይሄኛው የባሰ ሆነ፤ «ምንም ችግር የለም!» አለን። ፕሮግራሙን በወረቀት ሰጠን። አንደኛው ቀን ተራሮቹ ላይ ሳንቃበር ካምፕ ማደር። ሁለተኛው ቀን ግጭ ካምፕ ደርሶ እሜት ጎጎ የሚባለው ጫፍ ላይ መውጣት። ሦስተኛው ቀን በመኪና ባሕር ዳር መግባት። አራተኛው ቀን ጠዋት ሁለት ሦስት ደሴት አይቶ ማታ አዲስ አበባ መብረር። በአራት ቀን ውስጥ ለዝናብ የተመደበች አንዲት ሰዓት የለችም። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ነሐሴን አይቶት የማያውቅ ነበር የሚመስለው።

ከደባርቅ ስንወጣ ፀሐይ ነበር። ሳንቃበር ስንደርስ ፊት ለፊታችን ያለው ገደል ጠፋ። ነጭ ግድግዳ ብቻ። ቆላው ጠዋት በፀሐይ ይሞቅና እርጥብ አየሩ ገደሉን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። እየወጣ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ጉም ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። በክረምት ይህ የየዕለት ነገር ነው። አብሮን የመጣው ስካውት፣ የፓርኩ ታጣቂ አጃቢ፣ ጠመንጃውን በጋቢው ሸፈነና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ቁጭ በሉ ልጆቼ፣ ይገልጠዋል» አለን። አስጎብኚያችን ሰዓቱን ያያል። እኛ ቁጭ አልን።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ገለጠው። መጀመሪያ ድምፅ መጣ፤ የሚያጉረመርም፣ የሚንጫጫ። ከዚያ ጉሙ እንደ መጋረጃ ተጎተተና ከእግራችን ሃያ ሜትር በማይሞላ ርቀት የጭላዳ መንጋ ታየ። ከመቶ አያንስም። እርጥቡን ሣር በሁለት እጃቸው እየነጩ ይበላሉ። እኛን ከቁብ አልቆጠሩንም። ትንሹ ልጅ ትንፋሹን ዋጠ። ከወዲያ በኩል ጅንባር ፏፏቴ ወደ ግጭ ገደል ይወረወራል። በበጋ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ያኔ ክር ነው። ያን ቀን ድምፁ ደረት ውስጥ ይሰማ ነበር። «ምንም አይታይም» ያለችኝን ልጅ በዓይነ ሕሊናዬ አጠገቤ አቆምኳት።

ይህን ስል ክረምቱን እያሽሞነሞንኩ አይደለም። በሁለተኛው ቀን አየሁታ። ወደ ግጭ ስንወጣ ጓሳው ውሃ አዝሏል፤ ጫማችን ገና በመጀመሪያው ሰዓት ሾቀ። ከሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ በረዶ ወረደብን። ከዚያ ነጎድጓድ። ጅብራ ብቻ ተተክሎ በቆመበት ገላጣ ሜዳ ላይ መብረቅ ቀልድ አይደለም። ልጆቹ የለበሱት የጥጥ ሹራብ ነው። ማንም የዝናብ ልብስ ያዙ አላላቸውም። የትልቋ ልጅ ከንፈር ሰማያዊ ሆነ። አስጎብኚው «ፕሮግራሙ እሜት ጎጎ ነው፣ ትንሽ ነው የቀረው» ይላል። ስካውቱ ምንም አላለም። ጋቢውን አውልቆ ልጅቱን ጠቀለላትና ወደ መጣንበት ዞረ። ተከተልነው።

እዚህ ላይ ሁሉም ተጓዥ ሊያውቃት የሚገባ ቀላል ስሌት አለች። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣህ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከተራሮቹ አንዱ፣ ቧሂት፣ ከ4,400 ይበልጣል። ስልክህ ላይ የደባርቅን ትንበያ አይተህ ከወጣህ አናቱ ላይ 10 ዲግሪ ያህል የቀነሰ ቅዝቃዜ ይጠብቅሃል። ልብስህ ከረጠበና ንፋስ ከተጨመረበት ደግሞ ሰውነትህ ሙቀቱን የሚያጣው ከምታስበው በላይ በፍጥነት ነው። እዚያው መግቢያ ትኬት የሚቆረጥበት መስኮት ላይ አንድ ሰሌዳ ቢኖር ምን ነበረበት? የዛሬው ሰማይ፣ የአናቱ ቅዝቃዜ፣ ከስንት ሰዓት በፊት መመለስ እንዳለብህ። ከአጠገቡ ካፖርትና ቦት ጫማ የሚያከራዩ የደባርቅ ወጣቶች። ሥራ ፈጠራ ሲባል የምንሰማው ወሬ ሁሉ እዚህች መስኮት ጋ መሬት ይይዝ ነበር።

ሦስተኛውን ቀን በጭቃ መንገድ ላይ ፈጀነው። ባሕር ዳር የገባነው በሌሊት ነው። ስለዚህ በማግስቱ ጀልባ ላይ የወጣነው አርፍደን፣ አምስት ሰዓት ላይ። ጣናን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል። ጣና ጠዋት መስታወት ነው፤ ንፋሱ የሚነሳው ከሰዓት ነው። ሐይቁ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ በንፋስ ሲመታ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ትንሽ ጀልባን ያንገላታል።

ዘጌ ደርሰን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አየን። ከቡናው ጫካ ወጥተን ወደ ጀልባችን ስንመለስ ውሃው ጠቁሯል። ባለጀልባው ሞተሩን አላስነሳም። «ከዚህ ወዲያ አልሄድም» አለ። የአክስቴ ልጅ ተቆጣች። ለዳጋ እስጢፋኖስና ለናርጋ ሥላሴ ከፍላለች። (ዳጋ ሴት እንደማይገባበት እንኳ የነገራት አልነበረም፤ ደርሳ ጀልባ ላይ ልትቀመጥ ነበር።) እሱ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እህቴ፣ ብሩን ልመልስልሽ። ልጆችሽን ይዤ ግን እዚያ ውሃ ውስጥ አልገባም» አላት። በአራት ቀን ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ የባለሙያ ቃል የምለው ይህን ነው።

ያላየናት ናርጋ ደቅ ደሴት አጠገብ ያለች ናት። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው ያሠሯት። መግቢያዋ ላይ ፒፓ የሚያጨስ ፈረንጅ ተቀርጿል፤ ጀምስ ብሩስ ነው ይባላል። ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) ጎንደር የገባው፣ በዚያው ዓመት ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊ ነው። የእሱን አገር ያነሳሁት ያለምክንያት አይደለም። ስኮትላንድም ደጋና ደሴቶች ያሏት አገር ነች። ከፍተኛው ተራራዋ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው፤ የእኛ ሰው ኮረብታ ይለዋል። ግን ሰማዩ በሰዓት አራት ጊዜ ይቀያየራል። ዝናብ የማይዘንብበት ወር የላትም። «ፀሐይ አለን» ብላ ማስተዋወቅም አልሞከረችም።

ታዲያ ምን አደረጉ? ለተራሮቹ ብቻ የሚወጣ የአየር ትንበያ አላቸው፤ ንፋሱ አናት ላይ ስንት እንደሚደርስ፣ ደመናው ከስንት ሜትር በላይ እንደሚሸፍን ይነግርሃል። ተራራ ላይ የጠፋውን የሚፈልጉ በጎ ፈቃደኞች አሏቸው። ወደ ደሴቶቹ የሚሄደው መርከብ ንፋስ ሲበረታ ይቀራል፤ መቅረቱ ደግሞ ቀድሞ ይነገራል። ከሁሉ የምወደው የሴንት ኪልዳን ነገር ነው። አትላንቲክ ውስጥ ርቃ ያለች ደሴት ናት። የመጨረሻዎቹ 36 ነዋሪዎቿ ኑሮው ከብዷቸው በ1930 (እ.ኤ.አ.) ለቀዋት ወጥተዋል። ዛሬ ወደዚያ የሚወስዱ ባለጀልባዎች ገና ስትመዘገብ ተለዋጭ ቀን ያዝ ይሉሃል። ዛሬ ካልተቻለ ነገ ነው። ነገም ካልተቻለ ብርህ ይመለሳል። እንግዳው አየሩን ተቀብሎ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ አይጣላም።

እኛስ ይህን ለማድረግ ምን ያንሰናል? ተለዋጭ ቀን ገንዘብ አያስወጣም። እንዲያውም ለባሕር ዳር ሆቴል አንድ አዳር ይጨምርለታል። ጀልባ በጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይነሳል ብሎ መወሰንም ወጪ የለውም። የዝናብ ቀን ሥራም ሞልቷል። ጭስ ዓባይን ውሰዱ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ለኤሌክትሪክ ከተጠለፈ ወዲህ በበጋ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ቋጥኝ ነው። ጢሱ የሚጤሰው በነሐሴና በመስከረም ነው። እንግዲህ አገሪቱ ያላት ትልቁ ፏፏቴ ሙሉ የሚሆነው «አትምጡ» በምንልበት ወር ነው ማለት ነው። ይህን ለመናገር መፈክር አያስፈልግም።

አያቶቻችን «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይላሉ። የሰሜን ሰማይ ተረቱን የሰማ አይመስልም፤ መስከረምም ላይ ያዘንባል። ግን አያቶቻችን ክረምቱን ይቆጥሩት ነበር። ሰኔን ከሐምሌ፣ ካፊያን ከዶፍ ይለያሉ። እኛ አራቱን ወር ጠቅልለን «ወቅቱ አይደለም» እንላለን።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ይህን ሁሉ ስጽፍ ተራሮቹም ደሴቶቹም ዝናብ ባልሆነ ምክንያት ጭር እንዳሉ አውቃለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ አማራ ክልል ግጭት ውስጥ ነው። ስካውቱ፣ በቅሎ ነጂው፣ ባለጀልባው፣ ዘጌ ላይ ቡና የምታፈላው ሴትዮ፣ ሁሉም እንግዳ አጥተዋል። ዛሬ ማንንም «ሂዱ» ብዬ አልመክርም። መንገዱ ሲከፈት ግን ያንኑ የአራት ቀን ወረቀት ይዘን እንዳንቀርብ እፈራለሁ።

የአክስቴ ልጅ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ትደውላለች። ትልቋ ልጅ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ጋቢ ያለበሷትን ሰውዬ ትጠይቃለች አሉ። ትንሹ ደግሞ ናርጋን ሳላይ አልቀርም ብሏል። «መንገዱ እንዴት ነው?» ትለኛለች እናታቸው።

«ገና ነው» እላታለሁ። «ዝናቡ ግን ጀምሯል።»